ስቆም ብቻ የሚመጣ የማረር ሽታ፦ ኮሮላ 94 ሞዴል

የአባቴ ኮሮላ

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ናት። 94 ሞዴል፣ ቤንዚን፣ 1.6 ሞተር፣ ማንዋል ማርሽ። ሞተሩ ፎር ኤ የሚሉት ነው። አባቴ ነው የገዛት። እሱ ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ አስቀይራለሁ። አባቴ የጀመረው ደብተር ኪስ ውስጥ አለ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ይጻፍበታል። እኔም አላቋረጥኩም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከኮተቤ እነሳለሁ። በመገናኛ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ፣ በቀበና አድርጌ አራት ኪሎ እወጣለሁ። ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት እዚያ ነው። እስከ አራት ኪሎ ምንም የለም። ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ መንገዱ ተጨናንቆ ስቆም ሽታው ይመጣል። ስንቀሳቀስ ይጠፋል። እንደገና ስቆም እንደገና ይመጣል። ሽታው ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ምድጃ ላይ ተጥዶ የተረሳ ዘይት ታውቃላችሁ? ሽንኩርቱ ሳይገባ የጨሰ። ልክ እንደዚያ። ትንሹ ልጄ ከኋላ ሆኖ «እማ፣ መኪናችን እያረረች ነው» ይለኛል።

የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ነው፣ አይነቃነቅም። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት የለም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሽሮ ሜዳ ደርሼ ሳቆም፣ በኮፈኑ ጠርዝ በኩል ስስ ጭስ ሲወጣ አይቻለሁ። ያን ቀን በጣም ፈራሁ።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ወስጄ ነበር። የቫልቭ ክዳኑ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ዘይት ያልባል ብለው ቀየሩት። እውነትም ሽታው ጠፋ። ግን ለአንድ ወር ብቻ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እነሱ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ አየር የሚያምቁበትን ግፊት፣ ለኩ። «140 ፒ ኤስ አይ ነው የሚያሳየው፤ መጽሐፉ ላይ ወደ 190 ገደማ ነው። ሞተርሽ አልቋል፣ ወርዶ ይታደስ» አሉኝ። የጠሩልኝን ዋጋ እዚህ መጻፍ አልፈልግም። ወንድሜ ሽጪያት ይላል። እኔ መሸጥ አልፈልግም።

ምንድን ነው የሚሸተው? እስኪታወቅ ድረስስ ልጆች ይዤ ልነዳት እችላለሁ?

የደጀን መንገድ

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። አይሱዙ ይዤ አዲስ አበባ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሽታው ከሞተር መሆኑን አረጋግጠሻል?

ይህን የምልሽ በራሴ ስለደረሰ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ ስወርድ ፍሬን ላይ ተኝቼ ነበር የምወርደው። ድልድዩ ሳይደርስ የሚያንቅ ሽታ ካቢናውን ሞላው። ሞተሩ ተቃጠለ ብዬ ዳር ያዝኩና አቆምኩ። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የሚጨሱት የፊት ጎማዎቹ ነበሩ። የፍሬኑ ሸራ ግሎ ነው። ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ነበር። ትንሽ ብቀጥል ኖሮ ፍሬን አይኖረኝም ነበር። ከኋላዬ የመጣ አንድ ጎልማሳ ሹፌር አጠገቤ አቆመና «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ገደል በከባድ ማርሽና በሞተር ፍሬን ነው የምወርደው።

የፍሬን ሽታ ይሰነፍጣል፣ አፍንጫ ይወጋል። የፍሪሲዮን ሽታ ደግሞ የተቃጠለ ወረቀትና ፀጉር አንድ ላይ የተደባለቀ ነው የሚመስለው። ዳገት ላይ በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን መኪናውን ይዞ የሚቆም ሰው በደንብ ያውቀዋል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ነው። ተጨናንቆ ሲቆም እግርሽ የት ነው የሚያርፈው?

ስትደርሺ ወርደሽ አራቱንም ጎማ ዙሪያቸውን አሽትቻቸው። እጅሽን ቸርኬው አጠገብ አድርጊ፤ እንዳትነኪው፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ለብቻው ከጋለ፣ እዚያ ፍሬን ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። የእጅ ፍሬን ገመድ ሲዝግም እንዲሁ ያደርጋል።

ሌላ ደግሞ፣ ከመኪናው ሥር አጎንብሰሽ እይ። ፌስታል የጭስ ማውጫው ላይ ተጣብቆ ሲቀልጥ ስንቱን መካኒክ ቤት እንዳመላለሰ!

የአባቴ ኮሮላ

ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። ዛሬ ያልከውን ሁሉ አደረግሁ። አራቱም ጎማ እኩል ለብ ያሉ ናቸው፣ አይሸቱም። ዳገት ላይ ሁልጊዜ የእጅ ፍሬን ነው የምይዘው፤ አባቴ ሲያስተምረኝ ከሁሉ በፊት ያንን ነበር ያስያዘኝ። ሥሯንም አየሁ፣ ፌስታል የለም። ኮፈኑን ስከፍት ግን ሽታው ፊቴን መታኝ። ከዚያው ነው።

ጡረተኛ መካኒክ

ልጄ፣ ይህቺን መኪና ሞተሯን እንዳታስወርጂ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ። ፎር ኤ ሞተር ስንቱን እንደፈታሁ ቁጥሩን አላውቀውም። አሁን ወገቤ እምቢ ብሎ ቤት ነኝ። ደህና ሞተር ያለ ምክንያት ሲፈታ ግን ዛሬም ያመኛል።

በመጀመሪያ ያስፈራሩሽን ቁጥር እንይ። መጽሐፉ ላይ ያለው 190 ገደማ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። አንቺ ያለሽው አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚያምቀው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ ኮምፕሬሽኑም በዚያው ልክ ይወርዳል። ከ190 ላይ ሩቡን ስትቀንሺ ስንት ይመጣል? 142 ገደማ። ያንቺ 140 ነው። ይህ እንግዲህ ያለቀ ሞተር ሳይሆን የጤነኛ ሞተር ቁጥር ነው!

እኔ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ይቀራረባሉ ወይ? ሦስቱ 140 ሆነው አንዱ 95 ቢሆን ያኔ እጨነቅ ነበር። አራቱንም ቁጥር ጽፈው ሰጥተውሽ ከሆነ ንገሪኝ።

አሁን ወደ ሽታው። «የተረሳ ዘይት» ያልሽው ግማሹን ሥራ ሠርቶልኛል። ብዙ ሰው «ይሸታል» ብሎ ብቻ ነው የሚመጣው። ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) ሲንሸራተት የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይጮኻል። የኤሌክትሪክ ገመድ ሲግል የቀለጠ ፕላስቲክ ነው የሚሸተው። ያንን ካሸተትሽ ወዲያው አጥፍተሽ የባትሪውን ገመድ ንቀዪ፤ ጊዜ የማይሰጥ እሱ ነው። የራዲያተር ኩላንት ሲፈስ እንደ ከረሜላ ይጣፍጣል። ግን እኛ አገር ስንቱ ሰው ተራ ውሃ ነው የሚሞላው። ውሃ ደግሞ ሲፈስ አይሸትም፤ በእንፋሎቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ሽታ የለም ብለሽ ራዲያተሩን ማየት እንዳትተዪ።

ያንቺው የሞተር ዘይት ነው፣ የጋለ ብረት ላይ የሚንጠባጠብ። የሞተር ዘይት 200 ዲግሪን አልፎ ሲግል በደንብ መጨስ ይጀምራል። የጭስ ማኒፎልዱ፣ ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት፣ ደግሞ ዳገት ስትወጪ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ባንቺ ሞተር ላይ ማኒፎልዱ ከፊት ነው፣ በራዲያተሩ በኩል፤ ላዩን ላሜራ ሸፍኖታል። የቫልቭ ክዳኑ ከበላዩ ነው። ከክዳኑ የፊት ጠርዝ አንዲት ጠብታ ካመለጠች የምትወርደው ወደዚያው ነው።

ስቆም ብቻ ለምን ይሸተኛል ላልሽው፣ ስትሄጂ ከፊት የሚገባው አየር ጭሱን ወደ ታች ጠርጎ ይዞት ይሄዳል። ስትቆሚ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ መኪናው ውስጥ አየር የሚገባበት ቀዳዳ የፊት መስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። በዚያ ገብቶ አፍንጫሽ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ሽታው የሚመጣው ስትቆሚ ቢሆንም፣ ዘይቱ የሚነደው ሁልጊዜ ነው።

ልንዳት ወይ ብለሻል። ያን ስስ ጭስ እስካየሽ ድረስ፣ እስኪስተካከል ልጆቹን በታክሲ ውሰጃቸው። ብዙ ጊዜ ይህ ዓይነት ልቀት ከሽታ አያልፍም። ነገር ግን ዘይት በጋለ ብረት ላይ ነው፤ በልጆች አንቆምርም። የእሳት ማጥፊያ ከሌለሽ ዛሬውኑ ግዢ፣ የዱቄቱን ዓይነት። ከሾፌሩ ወንበር ሥር እንጂ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አይቀመጥ። ነበልባል ካየሽ ሞተሩን አጥፊ፣ ልጆቹን አስወርጂ። ኮፈኑን ወለል አድርገሽ እንዳትከፍቺ፤ አየር ሲያገኝ ይብሳል። በትንሽ ክፍተት አስገብተሽ ርጪ። ውሃ ዘይት ላይ አይደፋም።

አሁን ደግሞ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ሞተሩ በርዶ ሳለ የቫልቭ ክዳኑን ዙሪያውን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጥረጊው፤ ሙቅ ከሆነ በፍጹም። ጨርቁን እዚያ እንዳትረሺው፤ ረስተውት የሄዱ መካኒኮችም አሉ፣ ይነዳል። ሞተሩ ሁለት ሰዓት ያህል ይናፈስ። ከዚያ ሠላሳ ደቂቃ ነድተሽ ተመለሺና በባትሪ መብራት እዪ። የረጠበው የት ነው? ማታ ካርቶን ከሥሯ ዘርጊላት። ጠዋት ጠብታው የት እንደወደቀ ምልክት አድርጊ።

ከዚያ አንድ ሌላ። ሞተሩ ተነስቶ በቀስታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቺ። ትንሽ ሊረጭ ይችላል፣ ራቅ በዪ። አንድ ስስ ወረቀት አፉ ላይ አድርጊ። ወረቀቱን ወደ ውስጥ ይስበዋል ወይስ ወደ ላይ ይገፋዋል? የዘይት መጠኑንም በዘንጉ ለኪና ንገሪኝ። የአባትሽን ደብተር ደግሞ ገልጠሽ «የመተንፈሻ ቫልቭ» የሚል ነገር መቼ እንደተጻፈበት ፈልጊልኝ።

ከቨርጂኒያ

እህት፣ ጋሼ ያሉሽን ተከተዪ፣ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። ሽታ ንቄ ሊቆጨኝ የነበረ ሰው ነኝ። የመኪናዬ መብራት ፊውዝ በየሳምንቱ ይቃጠልብኝ ነበር። 10 አምፔር የነበረውን አውጥቼ 30 አስገባሁበት። መቃጠሉ ቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሊት ደንበኛ ይዤ ስሄድ የቀለጠ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ፊውዙ አልተቃጠለም፣ ገመዱ ግን ከዳሽቦርዱ ሥር እየቀለጠ ነበር። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱን ሊያተርፍ ነው። እኔ ያንን ጠባቂ አውጥቼ ጣልኩት። እባካችሁ ማንም ሰው ይህን አያድርግ። ፊውዝ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ የሚፈለገው የተላጠው ገመድ ነው።

እና ደግሞ ጋሼ፣ የኮምፕሬሽኑን ነገር በማላውቀው ጎን ነው ያሳዩኝ። እኔ እዚህ ባሕር ወለል አጠገብ ስለሆንኩ አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ።

የአባቴ ኮሮላ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያዘዙኝን ለመሥራት ቅዳሜና እሁድን ፈጀሁ። በቅደም ተከተል ልጻፍልዎ።

ኮምፕሬሽኑን ጋራዡ ደውዬ ጠየቅሁ። ወረቀታቸው ላይ አራቱም አለ። 140፣ 138፣ 142፣ 139።

ዘይቱን ለካሁ። ከቀየርኩ 1,600 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። በዘንጉ ላይ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል፣ ግማሽ ላይ ደርሷል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ አይወጣም፤ ጎረቤቴ ከኋላ ቆሞ አይቶልኛል፣ ጋዝ እየሰጠሁ።

ክዳኑን በነጭ ጋዝ ጠረግሁ። ነድቼ ስመለስ የፊት ጠርዙ ረጥቧል፤ በተለይ ወደ ቀኝ ጥግ። እዚያ ቦታ ላይ ላቡ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት። ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ አለ፣ ከፊት። ትናንሽ ናቸው፣ የ10 ሳንቲም ያህል።

ወረቀቱን ግን ልንገርዎ። የዘይት መሙያውን ከፍቼ ወረቀት አፉ ላይ ሳደርግ ዘሎ ከእጄ ወጣ። ሁለተኛም ሞከርኩ። ሦስተኛም። ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው የሚገፋው። ውስጥ ሆኖ የሚተነፍስ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ደብተሩን ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም አለ። የአባቴ ጽሕፈት ትንንሽ ነው፣ ግን ይነበባል። «መተንፈሻ» የሚል ቃል የትም የለም። እርስዎ የሚሉት ቫልቭ ምንድን ነው?

ጡረተኛ መካኒክ

ልጄ፣ በዚህ ትጋትሽ ብዙ ወጣት መካኒኮችን አስከንድተሻል።

አራቱ ቁጥሮች ወንድማማች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 4 ብቻ ነው። ሞተርሽ ጤነኛ ነው። ይህን ጨርሰናል፣ ከእንግዲህ ስለማስወረድ የሚያወራሽን አትስሚ።

ወረቀቱ የነገረሽ ነገር ይህ ነው። ሞተር ሲሠራ ጥቂት ጋዝ ሁልጊዜ በፒስተኑ ዙሪያ ሾልኮ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይገባል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ይገባል። ያ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ከቫልቭ ክዳኑ ላይ የተሰካች አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ ናት። ከእሷ አንድ የጎማ ቱቦ ተነስቶ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ይገባል። ሞተሩ በሚስበው አየር ጋዙን ስቦ ያወጣና መልሶ ያቃጥለዋል። የመተንፈሻ ቫልቭ የምልሽ ይህችን ነው። ደህና ከሆነች ወረቀቱን ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ያንቺ ተዘግታለች። ስትዘጋ ጋዙ ውስጥ ይታመቃል። የታመቀ ጋዝ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይወጣል፤ ዘይቱንም ይዞት ይወጣል። ደካማው ቦታ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው።

ያ የመጀመሪያው ጋራዥ ጓርኒሲዮኑን መቀየሩ ስህተት አልነበረም። የገፋውን ነገር ግን አልጠየቀም። አዲሱ ጓርኒሲዮን አንድ ወር ታገለና ተሸነፈ።

ሞተሩ በርዶ ሳለ ቱቦውን ከቫልቩ ንቀዪ። ቫልቩን አውጥተሽ ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ነቅንቂው። ከሠራ «ቻክ ቻክ» ይላል። ዝም ካለ ደርቋል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊውና ንፊው። በክዳኑ በኩል ካለው አፍ ስትነፊ አየሩ ያልፋል፤ በቱቦው በኩል ካለው አፍ ስትነፊ ግን በጭንቅ ብቻ ነው ማለፍ ያለበት። እንዳትስቢው፣ ንፊው ብቻ፤ ውስጡ ያለው ነገር ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ይታጠብ ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አጥበው የሚመልሱ አሉ። እኔ አልመክርሽም። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ይቀየር። ቱቦውንም አብረሽ ቀይሪ። የዚህ ዕድሜ ጎማ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ አየር እየሳበ ሞተሩን ያንቀጠቅጥብሻል። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ሄደሽ አሮጌውን ቫልቭ በእጅሽ ይዘሽ አሳዪ። «የፎር ኤ» ብለሽ ብቻ አትግዢ፣ ጎን ለጎን አድርገሽ አመሳክሪ። ያገለገለ ጓርኒሲዮን ማንም ቢሰጥሽ አትቀበዪ። ያገለገለ ቫልቭ ቢሰጡሽም ሻጩ ፊት ነቅንቀሽ፣ ነፍተሽ ግዢ።

ጓርኒሲዮኑ እንደገና መቀየር አለበት፤ ያኛው ተገፍቷል። ሲቀይሩልሽ አጠገባቸው ቁሚ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት የካንዴላዎቹ ጉድጓድ ዙሪያ ያሉት ማሸጊያ ቀለበቶች አብረው ይቀየሩ። አለበለዚያ ዘይቱ ወደ ካንዴላው ይወርዳል፣ ሞተሩም መንተባተብ ይጀምራል። የድሮው ጓርኒሲዮን ቅሬታ ከጉድጓዱ ውስጥ ተፍቆ ይጽዳ። ሲሊኮን ዙሪያውን በሙሉ እንዳይቀቡልሽ። ጥግ ጥጉ ላይ፣ ሁለት ብረት በሚገናኝበት ቦታ፣ ጥቂት ብቻ። የተረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። ሲቆረጥ ወደ ካርተሩ (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይዘጋል። አንድ ሞተር ከዚህ የተነሳ ዘይት አጥሮበት ሲነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሲቆም፣ አይቻለሁ። በሰው እጅ የጠፋ ሞተር ነው፣ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክዳኑን የሚይዙት ዳዶዎች ደግሞ በጉልበት አይጠበቁም። ከመሃል ጀምሮ፣ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ። እጅህ ሲከብደው አቁም እለው ነበር ለተማሪዎቼ። ጠንክሮ ከታሰረ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ጓርኒሲዮኑም ይጨፈለቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢደረግ ያልባል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ። ከተሠራ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ይሸታል። ማኒፎልዱና ላሜራው ላይ የቀረው ዘይት ነድዶ እስኪያልቅ ነው። በየቀኑ ከቀነሰ ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ከሆነ ጻፊልኝ።

የደጀን መንገድ

ጋሼ፣ ይህ ወረቀት ለናፍጣም ይሠራል ወይ? አይሱዙዬ ከዘይት መሙያው ይተነፍሳል።

ጡረተኛ መካኒክ

ናፍጣ ሌላ ነው ልጄ። ማኒፎልዱ እንደ ቤንዚን ሞተር በኃይል ስለማይስብ አሠራሩ አንድ አይደለም፤ ትንሽ መተንፈሱ የተለመደ ነው። ክዳኑን ገልብጠህ መሙያው ላይ ጣል አድርገው። ቆሞ ከተንቀጠቀጠ ግድ የለም። ገፍቶ ከጣለው ወይም ጭሱ እንደ እሳተ ገሞራ ከሆነ የፒስተኑን ሪንግ አስመርምር።

የአባቴ ኮሮላ

ጋሼ፣ ዛሬ ከተሠራ አሥራ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ሳልጽፍ የቆየሁት እርግጠኛ ሆኜ ለመንገር ብዬ ነው።

ቫልቩን አወጣሁት። ነቀነቅሁት። ዝም አለ። ውስጡ ጥቁር ዝፍት የመሰለ ነገር ሞልቶታል፤ በየትኛውም በኩል ብነፋ አያልፍም። ቱቦውን ሳጥፈው እጄ ላይ ተሰበረ። እንዳሉኝ ሶማሌ ተራ ሄጄ አሮጌውን ይዤ አመሳከርኩ። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ አፉ ይሰፋ ነበር፣ መለስኩት። ሦስተኛው ሱቅ ላይ ትክክለኛውን አገኘሁ፣ አዲስ። ጓርኒሲዮኑን ከነቀለበቶቹ ገዛሁ።

የሠራልኝ ሰፈሬ ያለ አንድ ወጣት ነው። ዳዶ ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ «እጅህ ሲከብደው አቁም» አልኩት። ማን አስተማረሽ አለኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ከስልኬ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። የኮምፕሬሽኑን ነገር ለጓደኞቹ አሳያለሁ ብሎ ፎቶ አንስቶታል።

ቀለበቶቹን ሲያወጣ ሁለተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ውስጥ ዘይት መውረድ ጀምሮ ነበር። ደረሰንበት።

በመጀመሪያው ቀን ሸተተኝ። ቀድመው ባይነግሩኝ አልቅሼ እመለስ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀነሰ። በሦስተኛው ቀን የለም። ወረቀቱን እንደገና ሞከርኩት፤ አሁን አፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ካርቶኑ ለአሥር ሌሊት ደረቅ ነው። ትናንት ስድስት ኪሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ልጆቹን ከሰኞ ጀምሮ እኔው ነኝ የማደርሳቸው። ትንሹ መስኮቱን ከፍቶ አሸተተ፣ «የለም» አለኝ፣ መልሶ ዘጋው።

ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ከአባቴ መጨረሻ ጽሑፍ ሦስት ገጽ አልፎ ነው ያለው። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ከዚያ «የመተንፈሻ ቫልቭና ቱቦ ተቀየረ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ»።

ጡረተኛ መካኒክ

ደስ አለኝ ልጄ። ካርቶኑን ገና አትጣይው። ያለፈው ጓርኒሲዮን የታገለው አንድ ወር ነበር። አርባኛው ቀን ሲደርስ አንድ ሌሊት ዘርጊላትና ጠዋት ያየሽውን ንገሪኝ። ዘይት በምትቀይሪ ቁጥር ቫልቩን አውጥተሽ ነቅንቂው፣ እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፊው።